የአራሷን ጡት ማን አየላት?

ፕሮባዮቲክ የሚባለው፣ ጠቃሚ ባክቴሪያ የያዘ እንክብል፣ ለሚያጠቡ እናቶች የጡት መቆጣት ሕመም ፍቱን ነው ይባላል። የድሬ አራስ ገንዘቧን ከማውጣቷ በፊት ግን ልትሰማው የሚገባ ነገር አለ።

ወሬው ከባዶ አልተነሳም። እንደ ፈረንጆቹ በ2010 የታተመ የስፔን ጥናት ጡታቸው የታመመ 352 እናቶችን ይዞ ነበር። ላክቶባሲለስ የሚባለው ጠቃሚ ባክቴሪያ ሁለት ዓይነቶች ከአንቲባዮቲክ የተሻለ ውጤት እንዳሳዩ ዘግቧል። ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን ደግሞ በ2020 ሕመሙን መከላከልን አየ። ሊረዳ ይችል ይሆናል፣ ማስረጃው ግን ደካማ ነው አለ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ኮክሬን ካያቸው ሙከራዎች የትልቁ ውጤት አለመገኘቱ ነው። ፕሮባዮቲኩን ያቀረበው ወገን ከተመራማሪዎቹ ጋር የተዋዋለው ውል አግዶታል። እናቶች አምነው ተሳትፈው ሲያበቁ ውጤቱ ይቆለፍባቸዋል? ይሄ ነውር ነው።

ሙቀታችንም አለ። ባክቴሪያው የሚሠራው በሕይወት እስካለ ነው። ፀሐይ ሲመታው የዋለ እንክብል ውስጥ ምን ያህሉ እንደተረፈ ማን ያውቃል? እርጎ መጠጣት መልካም ነው፣ ግን የተጠኑት ዓይነቶች እርጎ ውስጥ አሉ ማለት አይደለም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። አራሷ ትኩሳት ይይዛታል፣ ብርድ ብርድ ይላታል። ድሬ ወባም ደንጊም የምታውቅ ከተማ ናት። ስለዚህ ሁሉም "ወባ ነው" ይላል፣ አለዚያም "ምች መታት"። የወባ ምርመራው ይደረግ፣ ግን ጡቷም ይታይ። ቀልቶ፣ ጠጥሮ፣ ሲነኩት የሚያቃጥል ከሆነ ነገሩ እዚያው ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ምክር ደግሞ ይብሳል፦ "ወተቱ ተበላሽቷል፣ ማጥባት አቁሚ።" ኧረ በፍጹም! በጊዜው ለተወለደ ጤነኛ ሕፃን ወተቱ አይጎዳውም። በድንገት ማቆም ነው ሕመሙን የሚያባብሰው። በ2022 የወጣው የጡት ማጥባት ሐኪሞች መመሪያ ሕፃኑ በፈለገው ልክ ይጥባ፣ ቀዝቃዛ ነገር ይደረግበት፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ይወሰድ ይላል። አጥብቆ ማሸትንና ወተቱን ካላለብኩ ብሎ መታገልን አይደግፍም። በአንድ ቀን ካልቀለላት ወይም ከባሰባት ሐኪም ይያት፤ መግል ሊቋጥር ይችላል፣ አንቲባዮቲክም ያስፈልጋት ይሆናል። ይኸው መመሪያ ፕሮባዮቲክንም ሊታሰብበት ይችላል ይላል፣ እኔም አልከለክልም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ ነው የምለው።

ጤና ጣቢያዎቻችን እናት ወልዳ ስትወጣ ሕፃኑ ጡቱን በደንብ አፍ ሞልቶ መያዙን አይተው ይላኳት። ለሕፃኑ ክትባት ስትመለስም "ጡትሽስ እንዴት ነው?" ብለው ይጠይቋት።