ቆሞ ለመጸለይ የት ይሻላል?

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሮክ ክሪክ የሚባል ትልቅ ፓርክ አለ። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1890 እ.ኤ.አ. ሲከልለው አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና 4 ዓመቷ ነበር። ወደ 700 ሄክታር ይሆናል። ጫካ ነው፣ ወንዝ አለው፣ አጋዘን ይታይበታል። መግቢያ አይከፈልበትም። እዚያ የምንኖር ሐበሾች ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው በመኪና ስናቋርጠው ነው፤ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስንሮጥ።

እኔ ለጸሎት እሄድበታለሁ። ጸጥታው ግሩም ነው። ችግሩ ሰዉ ወይ ይሮጣል፣ ወይ ብስክሌት ይነዳል፣ ወይ ውሻውን ያንሸራሽራል። ዛፍ ሥር ዝም ብሎ የቆመ ሰው፣ ያውም ጥቁር፣ ያውም ከንፈሩ የሚንቀሳቀስ፣ ያሳስባቸዋል። «ደህና ነህ?» ይሉሃል። ክፋት የለውም፣ ከልባቸው ነው። ግን አቡነ ዘበሰማያትን መሃል ላይ አቋርጠህ «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» ካልክ በኋላ ከየት እንደምትቀጥል ይጠፋሃል። አሁን አሁን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ነው የምጸልየው። ምንም አልከፍትበትም። ስልክ የማወራ ሲመስላቸው ያልፉኛል።

ሰሞኑን አዲስ አበባ ነበርኩ። መስቀል አደባባይ አጠገብ ካለው እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ጎራ አልኩ። ጸጥታ ፍለጋ ለመጣ ሰው ቦታው ቀልድ ነው። ከአጥሩ ውጪ የታክሲ ረዳት ይጮሃል፣ ጥሩምባው አያባራም፣ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የከተማው ባቡር ተጨምሯል። ኤልያስ በኮሬብ የሰማው «ትንሽ የዝምታ ድምፅ» እዚህ ቢመጣ ማን ይሰማዋል?

ግቢው ውስጥ አንድ ወጣት አየሁ። የቢሮ ባጁ አንገቱ ላይ ነው፤ ከምሳ ሰዓቱ ቀንሶ የመጣ ይመስላል። ዛፍ ሥር ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙሮ ያለቅሳል። ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው በዚያው መንገድ መጡ። «ምን ሆንክ ልጄ?» ይሉታል ብዬ ጠበቅኩ። አገሬ አይደል፣ ሰው ጉዳይ ውስጥ መግባት ማን ብሎን። እሳቸው ግን አዩትና እርምጃቸውን ቀነስ አደረጉ፤ ከዚያ በሌላ በኩል ዞረው ሄዱ። ጥላው ሥር ዳዊት ይደግሙ የነበሩትም ቀና አላሉም።

ታክሲ ሰልፍ ላይ እየተጋፋ እግሬን የረገጠኝ ሕዝብ ነው ይሄ! ፈረንጅ ጫካውን ከልሎ ጸጥታውን አቆየልኝ፤ ምስጋና ይገባዋል። የሚጸልይ ሰው አይቶ ማለፍን የሚያውቀው ግን የአገሬ ሰው ነው።

ስናወድስ ግን ደግሞ አንዋሽ። ድምፅ ማጉያው ሲከፈት እኔም ተነስቼ ወጥቻለሁ። በአንዳንድ ደብሮች ደግሞ ዛፉ እያነሰ፣ አጥሩን ተከትሎ የሚከራይ ሱቅ እየበዛ ነው። ደብሩ ገቢ ያስፈልገዋል ይሉኛል፤ ልክ ነው። ግን ሱቅ በር ላይ ቆሞ የሚያለቅስ ሰው «ምን ልታዘዝ?» መባሉ አይቀርም።