የባቱ ዋና መንገድ ለማን ይሁን?

ባቱ፣ የቀድሞዋ ዝዋይ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደምበል ሐይቅ ዳር የምትገኝ ሜዳማ ከተማ ናት። ከተማዋን መሐል ለመሐል የሚያቋርጠው አሮጌው የሻሸመኔ መንገድ ነው። ከዚህ መንገድ ላይ ለብስክሌተኞች መስመር ተቆርሶ የመኪና ፍጥነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይገደብ? አንዲት መምህርትና አንድ የብስክሌት መለዋወጫ ነጋዴ በዚህ ላይ ይከራከራሉ።

መምህርቷ፦ ይገደብ እላለሁ። ማለዳ 12 ሰዓት ሲሆን ምሳ ዕቃቸውን ከብስክሌታቸው ኋላ ያሰሩ የአበባ እርሻ ሠራተኞች በዚህ መንገድ ጠርዝ ተከታትለው ያልፋሉ። አብዛኞቹ መብራት የላቸውም። አስፋልቱ ከዳር ዳር ስለተሸረፈ ወደ ጠጠሩ ስንዝር ያህል ይወርዳል። ከኋላ ኢሱዙ ጡሩምባውን ሲያምባርቅ ብስክሌተኛው ወይ ከዚያች ስንዝር ላይ ይወድቃል፣ ወይ መሪውን ጨብጦ መኪናው እስኪያልፍ ይጸልያል። አምና አንድ ተማሪዬ ወድቆ ቀኝ ክንዱ ተሰበረ። ሁለት ወር ሙሉ በግራ እጁ ሲጽፍ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አየሁት።

ስለ ፍጥነት የምናገረው ሒሳብ ነው። በ50 የሚሄድ መኪና፣ ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን እስኪረግጥ በምታልፈው አንዲት ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ይጓዛል። በ30 የሚሄደው ግን እዚያች 14 ሜትር ውስጥ ፍሬን ይዞ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ይቆማል። አንዱ ገና እግሩን ወደ ፍሬን ሲሰድ ሌላው ቆሟል። ልጅ ወደ መንገድ ዘልሎ ሲገባ በሕይወት የመትረፉና ያለመትረፉ ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ደግሞ ጊዜው አሁን ነው። ከሞጆ በመቂ አድርጎ ባቱ የሚደርሰው የፍጥነት መንገድ ተከፍቷል። ለሩቅ ተጓዥ ሌላ መንገድ ተሠርቶለት ሳለ የከተማችን መሐል ስለምን እንደ አውራ ጎዳና ይቀጥላል?

ነጋዴው፦ እህቴ፣ እኔ ካቴናና ከመነዳሪ እየሸጥኩ ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝ። የብስክሌተኛ ጠላት ልሆን አልችልም። ነገር ግን በቀለም የተሠመረ መስመር ዕድሜው ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። ዜብራው ተቀብቶ ክረምቱ ሳያልፍ ጠፍቷል። የብስክሌት መስመሩም ቀለሙ ሳይደርቅ የባጃጅ መቆሚያ ይሆናል። የፍጥነት መንገዱ ደግሞ ያስከፍላል። ክፍያው የሚከብደው የጭነት ሹፌር ተመልሶ የሚመጣው በእኛው በር ነው።

ሌላም የሚያስፈራኝ ነገር አለ። ከዓመታት በፊት በሌላ ከተማ ስሠራ፣ መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ የሱቄ ግማሽ ፈርሷል። ስለዚህ «ለእግረኛ እንሥራ» የሚል ቃል ስሰማ መጀመሪያ የማየው ግድግዳዬን ነው። ይህን ፍርሃት አይናቁብኝ፤ ብዙ ሰው አለበት።

ሰው የሚጎዳው ዋናው መንገድ ላይ ብቻ እንዳይመስልዎትም። በየመንደሩ ክዳኑ የተነሳ ቦይ አለ። መብራት በሌለበት ሌሊት፣ ከበሽተኛ ጥየቃ ስትመለስ እዚያ ውስጥ የገባች ጎረቤቴን ራሴ ጎትቼ አውጥቻታለሁ። ያለችው ገንዘብ ትንሽ ከሆነች ለእነዚያ ክዳኖች ትዋል።

መምህርቷ፦ ስለ ቦዩ እውነትዎን ነው፤ አልከራከርዎትም። ሁለቱን ማወዳደር ካለብን ግን ቦይ እግር ይሰብራል፣ በ60 የሚሄድ ሲኖትራክ ሰው ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ገዳይ አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ ይጨምራል። ፍጥነት መቀነስ ደግሞ ከቦይ ክዳን ብዙም አይበልጥም በወጪ።

ግድግዳዎን በተመለከተ በግልጽ ልናገር፦ እኔ የምጠይቀው መንገዱ እንዲጠብ እንጂ እንዲሰፋ አይደለም። ከሱቅ በኩል አንዲት ጣት አይነካም። የሚቆረሰው ከመኪናው ድርሻ ነው። መለያውም በቀለም አይሁን፤ ባጃጅ ሊወጣው የማይችል የድንጋይ ጠርዝ ይሁን። ይህ የእኔ ሕልም ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ትራንስፖርት ሚኒስቴር ለእግረኛና ለብስክሌት ብሎ የአሥር ዓመት ስትራቴጂ አውጥቷል። ወደ እኛ ዓይነት ትንሽ ከተማ እስኪወርድ ተቀምጠን ከምንጠብቅ እኛው እንጠይቅ።

ነጋዴው፦ የድንጋይ ጠርዝ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ግን ዕቃ የሚያራግፈው መኪና የት ይቁም? የገበያ ቀን ጋሪውስ በየትኛው በኩል ይሂድ? ፈረስ የሰው ሥርዓት አያውቅም፤ ጋሪ ብስክሌት መስመር ውስጥ ገባ ማለት መስመሩ ተዘጋ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን እኔም ልመን። «ግራህን ይዘህ ተጓዝ» እያልን እግረኛውን እንመክራለን፤ ግራው ግን አሸዋ ተከምሮበት፣ ሸቀጥ ተደርድሮበት ነው የሚያገኘው። እኔም ጎማዎቼን ከደጃፌ ውጭ ነው የምደረድረው። እናት ሕፃን አዝላ በእነሱ ዙሪያ ወደ አስፋልቱ ስትወርድ አያለሁ፤ ደስ አይለኝም። ከመንግሥት በፊት እኛ ነጋዴዎች የያዝነውን ብንለቅ ያለ ምንም በጀት ብዙ ነገር ይቀላል። እኔ ለማስገባት ዝግጁ ነኝ፤ ጎረቤቶቼም እንዲያስገቡ እናገራለሁ።

መምህርቷ፦ ማራገፊያውን ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት እናድርገው፤ ያኔ ሠራተኛው እርሻ ገብቷል፣ ተማሪውም ክፍል ውስጥ ነው። ጋሪ ከመኪናው ጋር ይሂድ። መኪናው በ30 ከተጓዘ ጋሪውን ለመቅደም ብሎ ወደ ዳር የሚወረወርበት ምክንያት ይቀንሳል። ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት ደግሞ ከትምህርት ቤቱ እስከ ገበያው ድረስ ብቻ በሚነሳ ድንጋይ እንሞክረው። ካልሆነ ይነሳል።

ጎማዎቹን የሚያስገቡበትን ቀን ይንገሩኝ። ተማሪዎቼን ሜትር አስይዤ እመጣለሁ፤ ወርዱን ከእርስዎ ደጃፍ ጀምረን እንለካለን።