ጅቡ ጉትቻ ነበረው

አክስቴ ቤት የሄደ እንግዳ ከወጥ ይልቅ ክዳን ያያል። በሩ ሲንኳኳ ድስቱ ይከደናል፣ መሶቡ ይከደናል፣ የልጅ ልጇም በነጠላ ይሸፈናል። ማንነቱን ሳታውቂ ለምን ትጠረጥሪዋለሽ ብትሏት «ዓይን ነው፤ ምን ይታወቃል!» ትላለች።

የልጁማ ጥበቃ ለብቻው ነው። አንገቱ ላይ ክታብ፣ ትራሱ ሥር ነጭ ሽንኩርት፣ ቆቡ ውስጥ ጤና አዳም። ከሩቅ ላሸተተው ሰው ሊያሳድጉት ሳይሆን ሊያቁላሉት የተዘጋጁ ይመስላል። ደግሞ «ሲያምር!» አይባልም። የአድናቆት ወጉ «ይሄ አስቀያሚ!» ብሎ እንትፍ እንትፍ ማለት ነው። እኔ ሞኙ አንድ ቀን «ወፈረ እኮ!» ብዬ አመለጠኝ። በማግስቱ ልጁን ተቅማጥ ያዘው። ከዚያ ወዲህ ለቡና በሄድኩ ቁጥር ልጁ «ተኝቷል»። ጓዳ ውስጥ ሲስቅ እየሰማሁት ተኝቷል።

ቀረብ ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። «እኔ ብረት አልቀጠቅጥ፣ ሸክላ አልሠራ፤ በናንተው ሕግ እንኳን ቡዳ ልሆን አልችልም» አልኳት። በድሮው ወሬ ቡዳነት ከባለ እጅ ዘር አይወጣም፤ ቀን ወናፍ ይነፋል፣ ማታ ጅብ ሆኖ ይዞራል ነው የሚባለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እዚህ አገር የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስም ጆሮው ላይ ጉትቻ ስላለው ጅብ የሚወራውን ጽፎ አልፏል። ይህን ብነግራት ደስታዋ! «አየህ፣ ፈረንጁ እንኳን!»

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ጅብ መሆን የሚችል ሰው ምን ቆርጦት ፍም ዳር ሲጠበስ ይውላል? እኔ ብችል የታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ቀን አልቆምም ነበር፤ ማን ይጋፋኛል?

አክስቴ ነጩን ሽንኩርት የምትከትፍበት ቢላዋ የባለ እጅ ሥራ ነው። የምታጨስበት ገል የሸክላ ሠሪ ነው። ጀበናውም እንደዚያው፤ እህሉ የበቀለበት ማረሻም። ቡዳን የምትከላከለው በቡዳው ዕቃ ነው ማለት ነው፤ ያውም ተከራክራ ዋጋ አስቀንሳ በገዛችው።

ተበላ የተባለ ሰው ሲታከምም አይቻለሁ። ጭስ ያሸቱታል፣ ከበው «ማነህ? የት አገኘኸው?» እያሉ ያፋጥጡታል። በሽተኛው ሲጨንቀው አንድ ስም ይጠራል። የተጠራው ሰው ደግሞ በዚያው ሰሞን ከቤተሰቡ ጋር በአጥር የተካሰሰው ጎረቤት ሆኖ አረፈ። ፍርድ ቤት ስንት ቀጠሮ የፈጀበትን ጉዳይ ጭሱ በአንድ ከሰዓት ጨረሰው።

ዐፄ ምኒልክ ይሄ ነገር አስመርሯቸው በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል። ሠራተኛን በእጅ ሥራው የሚሰድብ ንጉሡን እንደሰደበ ይቆጠራል፤ ዳግመኛ ሲሰድብ ከተገኘ አንድ ዓመት ይታሰራል። ይህን የመጨረሻ ማስረጃዬን አቀረብኩላት። አክስቴ ስኒውን አስቀምጣ፣ ወደ በሩ አየት አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ከዚያ በኋላ ንጉሡ ጤና አገኙ?»

እውነትም ብዙም ሳይቆዩ ነው አልጋ ላይ የዋሉት። ምን ልበል? ቡናዬን ጠጣሁ።

የልጁ እናት የተማረች ናት፤ በክታብ ትስቃለች። ባለፈው ሳምንት ልጁ ዓመት ሲሞላው ፎቶውን በቴሌግራም ላከችልኝ። ኬኩ ይታያል፣ ፊኛው ይታያል፣ የልጁ ፊት ላይ ግን ቢጫ የሳቅ ምልክት ተለጥፎበታል። «ዘመኑ ነው፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» ብዬ አለፍኩት።

ትናንት የወንድሜን ስልክ ሳገላብጥ ያው ፎቶ ለእሱም ተልኮለት አገኘሁት። ልጁ ጥርሱን ገጥጦ፣ ፊቱ ወለል ብሎ ይታያል። በእውነት ወፍሯል።