ህክምናው አልቋል፤ ትምህርቱስ?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማታ ልጄ በምትማርበት ትምህርት ቤት ጨረታ ነበር። ሜሪላንድ ነው። የቅርጫት ኳስ መጫወቻው አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ደርድረው ነጭ ጨርቅ አልብሰውታል። በላዩ ላይ ፊርማ ያለበት ማሊያ፣ የቤዝቦል ኳስ፣ ጫፉ የተሰነጠቀ የሆኪ ዱላ። ከእያንዳንዱ ዕቃ ፊት ወረቀትና እስክሪብቶ አለ። ቁጥርህንና የምትሰጠውን ዋጋ ትጽፋለህ፣ ቀጥሎ የመጣው ከፍ አድርጎ ይጽፋል። ጩኸት የለም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ወረቀቱ ይነሳል፣ በቃ።

ገንዘቡ በካንሰር ምክንያት ትምህርታቸው ለተስተጓጎለ ተማሪዎች ነው ሲባል ለህክምና መስሎኝ ነበር። ጠረጴዛው ጋ የቆመችውን ሴትዮ ጠየቅኳት። «ህክምናውንማ ጨርሰዋል፣ ይሄ ኮሌጅ እንዲገቡበት ነው» አለችኝ።

ይህቺ ንግግር ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የአክስቴ ልጅ 11ኛ ክፍል እያለ ታመመ። የሊምፍ ካንሰር ነው ተባለ። የሚኖሩት ከአዲስ አበባ ርቀው ነው። እኛ ውጭ ያለነው ቤተሰቦች ወዲያው የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። ከዲሲ፣ ከሲያትል፣ ከዱባይ፣ ከስቶክሆልም፣ ሰው የቻለውን አዋጣ። እውነት ለመናገር ኮርቼ ነበር። ልጁ አዲስ አበባ መጥቶ ወራት የፈጀ ህክምና ወሰደ፣ ተመስገን ዳነ። ግሩፑ ውስጥ እልልታ ሆነ። ከዚያ ግሩፑ ፀጥ አለ።

ትምህርቱ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ሁለት ዓመት እንዳለፈው፣ ከእሱ በታች ከነበሩ ልጆች ጋር እንደተቀመጠ፣ ፀጉሩ ገና እየበቀለ ስለነበር ኮፍያውን ማውለቅ እንደማይፈልግና በዚህ ምክንያት ከመምህር ጋር እንደተጋጨ የሰማሁት ቆይቶ፣ አክስቴ በሌላ ጉዳይ ስትደውል ነው። «ምን ላስቸግራችሁ፣ ያደረጋችሁት ይበቃል» አለችኝ። አይበቃም ነበር።

እኛ ሀበሾች ለህክምና ማዋጣት እናውቅበታለን። ለለቅሶም እናውቅበታለን፣ እድር ያለን ሕዝብ ነን። ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ ግን ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ለልጁ ግን ሌላው ችግር የሚጀምረው ያኔ ነው።

እዚህ አሜሪካ ችግሩ መልኩ ሌላ ነው። ብዙ ስኮላርሺፖች ሙሉ ሰዓት መማርን ይጠይቃሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሴሚስተር 12 ክሬዲት ማለት ነው። ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ የሚወስድ ልጅ ይህን መሸከም ይከብደዋል። ክሬዲቱን ሲቀንስ ስኮላርሺፑ ይሄዳል፣ በላዩ ላይ ቤተሰቡ የሆስፒታል ዕዳ አለበት። ካንሰር እየታከመ ያለ ሰው የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ብድር ክፍያውን ያለ ወለድ ለጊዜው እንዲያቆም የሚፈቅደው ሕግ የወጣው እንኳ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ለዚህ ነው ሰዎች ማሊያ እየሸጡ ክፍተቱን የሚሞሉት።

አገር ቤት ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ክፍያ አምጣ አትባልም። ወጪ መጋራት ነው፣ ከተመረቅክ በኋላ ትከፍላለህ። ስለዚህ የፈረንጁን አሠራር እንዳለ ብንገለብጠው ለአክስቴ ልጅ ምንም አይጠቅመውም። እሱን የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ለክትትል አዲስ አበባ ሲመላለስ የትራንስፖርት፣ ሆስፒታሉ አካባቢ ማደሪያ፣ ያመለጠውን ትምህርት የሚያስጠናው ሰው። ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተናን አስቡት። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ብዙ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ እዚያው አድረው ነበር የሚፈተኑት። ኬሞ ላይ ያለ ልጅ የበሽታ መከላከል አቅሙ ይደክማል። ብዙ ሰው በተኛበት ክፍል ማደር ለሌላው ልጅ ድካም ነው፣ ለእሱ ግን አደጋ ነው። ፈተናው ካመለጠው ደግሞ ቀጣዩን ዓመት መጠበቅ አለበት።

አገር ቤት ምንም የለም ማለቴ አይደለም። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በደም ካንሰር በሞተ ሕፃን ስም ወላጆቹ ያቋቋሙት ነው። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ ይሰጣል። ተስፋ አዲስ የሚባለው የወላጆች ማኅበርም ካንሰር ያለባቸውን ልጆች ከነአስታማሚያቸው ያሳርፋል። እነዚህ ሰዎች የሚሠሩትን ሳስብ ዕንባዬ ይመጣል። ግን የተሸከሙት ህክምናውን ራሱ ነው፣ ትምህርቱንም ጨምረው ይሸከሙ ማለት ግፍ ነው። እሱ የእኛ ድርሻ ቢሆንስ?

ጨረታ ደግሞ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በንግሥ ቀን ጥላው፣ ምንጣፉ፣ ድፎ ዳቦው ሳይቀር በጨረታ ይሸጣል። ያሸነፈው ሰው መልሶ ለቤተ ክርስቲያኑ ይሰጥና እንደገና ለጨረታ ይቀርባል። አንዱ ዳቦ ሦስት ጊዜ ሲሸጥ አይቻለሁ።

በስፖርቱ ዓለምም ይኸው ልማድ አለ። ፒዮትር ማዋሆቭስኪ የተባለ ፖላንዳዊ የዲስከስ ወርዋሪ እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ ያገኘውን የብር ሜዳሊያ የዓይን ካንሰር ለያዘው የ3 ዓመት ሕፃን ህክምና ብሎ ለጨረታ አቀረበው። የአገሩ ልጅ ማሪያ አንድሬይቺክ ደግሞ ጦር ወርዋሪ ናት፣ ራሷ የአጥንት ካንሰር ታማ የዳነች። በ2021 ቶኪዮ ላይ ብር አገኘች፣ ለአንድ ሕፃን የልብ ቀዶ ህክምና ሸጠችው። የገዛው ዣብካ የሚባል የሱቆች ድርጅት ገንዘቡን ከፍሎ ሜዳሊያውን መለሰላት። ልክ እንደ ድፎ ዳቦው።

የእኛ አትሌቶችስ? ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በበርሊን ማራቶን 2:11:53 ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ጫማዋን አውልቃ ከፍ አድርጋ ያሳየችበት ፎቶ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ2009 የኒው ዮርክ ማራቶንን ስታሸንፍ ያየ ሰው ያን ቀን አይረሳውም። ሜዳሊያ ይሽጡ አልልም፣ ሜዳሊያ የልጅ ልጅ ያየዋል። ግን ደረት ላይ የሚለጠፈው ቁጥር አለ፣ የልምምድ ጫማ አለ፣ ማሊያ አለ። ከእነዚህ አንዱን በፊርማ ቢሰጡን፣ ዲሲ አካባቢ ስንቱ ሱቅና ሬስቶራንት ግድግዳ ላይ ለመስቀል ይሻማል!

አንድ ነገር ግን ከፈረንጁ መማር አለብን፣ እሱም ጥንቃቄው ነው። ቶኒ ግዊን የሚባል የሳንዲያጎ ቤዝቦል ተጫዋች የራሱ ክለብ ሱቅ ውስጥ በእሱ ስም የተፈረሙ ዕቃዎች ሲያይ ፊርማው የእሱ አልነበረም። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ ያኔ ብዙ አስመሳዮችን ያዘ። ከዚያ በኋላ የቤዝቦል ሊጉ እ.ኤ.አ. በ2001 የራሱን የማረጋገጫ አሠራር ጀመረ። ፖሊስ የነበሩ ወይም የሆኑ ሰዎች ሜዳው አጠገብ ቆመው ኳሱ ከጨዋታ ሲወጣ ቁጥር ያለው ተለጣፊ ያደርጉበታል። ለእኛ አንድ ቪዲዮ ይበቃል፣ አትሌቷ ስትፈርም እና ስትሰጥ የሚያሳይ። ሌላም አለ። ለእንዲህ ያለ ጨረታ በፍሬም የታሰረ ማሊያ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች አሉ፣ የራሳቸውን ዋጋ ወስደው ለበጎ አድራጎቱ የሚደርሰው ትርፉ ብቻ ነው። ከመጫረታችሁ በፊት ስንቱ ለልጆቹ ይገባል ብላችሁ ጠይቁ። የእኛ ሰው ገንዘብ ሲያዋጣ ልቡ የሚቆረጠው «ብሩ የት ደረሰ?» ብሎ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ነው።

የዚያን ማታ አንዲት ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ ስለ ሕመሟ ተናገረች። ድፍረቷ አስደነቀኝ፣ አዳራሹ ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበላት። እኛ ጋ ግን ካንሰርን በስሙ የማይጠሩ፣ «ያ በሽታ» የሚሉ ቤቶች አሉ፣ ሴት ልጅ ታማለች ከተባለ ማን ያገባታል የሚል እናትም አለ። ስለዚህ የእኛ ሲሆን ልጁን መድረክ አናውጣው። ስሙን የሚያውቁት ሁለት ሦስት ሰዎች ይሁኑ። የሐኪም ወረቀትና የትምህርት ቤት ደብዳቤ ይበቃል።

የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ ሐምሌ መባቻ አካባቢ ከተማ እየቀያየረ ውድድሩን ያደርጋል። ከሜዳው ዳር ክትፎ፣ ቡና፣ ቲሸርት፣ ሲዲ ሳይቀር ይሸጣል። እዚያ መሃል አንድ ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ። የአትሌቶችን ቤተሰብ የምታውቁ፣ የሂሳብ ሥራ የምትችሉ፣ ጻፉልኝ። ለአክስቴ ደውዬ ልጁ ምን እንደሚጎድለው ዘርዝራ እንድትነግረኝ ጠይቄያታለሁ፣ መጀመሪያ ያለችው የሒሳብ አስጠኚ ነው። ጠረጴዛውን እኔ እይዛለሁ።