ማርሻል የለም ወይ?

ቅዳሜ ዕለት መኪናዬ በጀርባዋ ተንጋላ 11 ሰከንድ ቆየች። ቆጥሬያለሁ። አራቱም ጎማዎቿ ወደ ጣሪያ፣ ሞተሯ እያፏጨ፣ የሚደርስላት ሰው የለም።

ለማያውቅ ላስረዳ። እዚህ ሜሪላንድ ብርዱ ሲገባ እኔና መሰሎቼ አዳራሽ ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ፣ በሪሞት መኪና እንወዳደራለን። መኪናዋ የእውነተኛዋ 1/10ኛ ናት፣ ባትሪዋ 7.4 ቮልት፣ ውድድሩ 5 ደቂቃ። የምንነዳው ከፍ ያለ መድረክ ላይ ተደርድረን ስለሆነ መኪናችን ብትገለበጥ ወርደን ማንሳት አንችልም። ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነው፤ ነድቶ የጨረሰ ሰው ለቀጣዩ ምድብ ማርሻል ሆኖ መታጠፊያ ላይ ይቆማል። የተገለበጠውን ያነሳል፣ ጥግ የተወተፈውን ያወጣል። በቃ።

እኔ በተገለበጥኩበት መታጠፊያ መቆም የነበረበት ሰውዬ የት ነበር? ጠረጴዛው ጋ። ጎማ እየቀባ። (ጎማው ምንጣፉን እንዲይዝ የሚቀባ ፈሳሽ አለ። ሽታው ጃኬቴ ላይ ስለሚቀር ባለቤቴ «ጋራዥ ነው የምትውለው?» ትለኛለች።) ለራሱ ሲሆን አንድ ሰከንድ አያረፍድም። ለሰው ሲሆን ሽንቱ ይመጣል፣ ስልኩ ይጠራል፣ ባትሪው ቻርጅ ይፈልጋል። ባትሪው ሊቲየም ስለሆነ እሳት እንዳይነሳ ዓይን ይፈልጋል፣ እሱን አልክድም። ታዲያ የእኛ በከሰል ነው እንዴ የሚሠራው?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ግን አርባ ዘጠኙ ሎሚያቸውን አንዱ እጅ ላይ ቆልለው ሲበተኑ ምን እንደሚደረግ ተረቱ አይናገርም። ሰፈራችን ዕድር ውስጥ አንድ ሰው ነበሩ፤ ድንኳን ሲተከል ወገባቸውን ያማቸዋል። እንጀራው ሲቀርብ ወገባቸው ይድናል። እዚህም አልጠፉም። የክርስትና ድግስ አልቆ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ወንበር ማጠፍ ሲመጣ «ነገ ሥራ አለብኝ» ይሉሃል። ነገ እሁድ ነው! ሥራህን እናውቀዋለን!

የሚያናድደኝ ሰነፎች አለመሆናቸው ነው። ይሄ የእኔ ሰውዬ የጎማውን ዘንበል በግማሽ ዲግሪ ያስተካክላል፤ የሞተሩን ሽቦ ራሱ ይበይዳል። ትጋቱ የራሱ መኪና ባምፐር ላይ ነው የሚያልቀው። ድሮ፣ ይሄ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚሉት ሪሞት ሳይመጣ፣ ሁለት ሰው በአንድ ፍሪኩዌንሲ ከከፈተ መኪኖቹ ያብዱ ነበር። ሰው ሳይወድ በግዱ ይጠያየቃል። አሁን ሪሞቱ ራሱ ስለሚጣጣም ጎረቤትህን ሰላም ማለት እንኳ አያስፈልግም።

ስለ መኪና ካነሳሁ አይቀር፣ ልጅ ሆኜ የሽቦ መኪና ነበረችኝ። ጎማዋ የተጠፈጠፈ ቆርኪ፣ መሪዋ እስከ ደረቴ የሚደርስ ረጅም ሽቦ። አንድ የሰፈር ልጅ «አንዴ ልንዳት» ብሎ ወሰዳት። በሦስተኛው ቀን ያለ ኋላ ጎማ መለሳት። «እንዲህ ሆና ነው የሰጠኸኝ» አለኝ። ልብ በሉ፣ ያለ ኋላ ጎማ እንዴት ልነዳት ኖሯል? አምና ከዳላስ ደውሎ ልጁን ሊድር መሆኑን ነገረኝ። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ቀስ አድርጌ ስለ ጎማዎቹም አነሳሁ።

«የቱ መኪና?» አለኝ።

ለሠርጉ አልሄድኩም። ትኬት ተወዶ ነው።

ማርሻሉን ረሳሁት። ከምንጣፉ ስር ሽቦ ተቀብሯል፤ መኪናዋ በላዩ ባለፈች ቁጥር ትራንስፖንደሯን (ማንነቷን የሚናገር ትንሽ መሣሪያ) አንብቦ ዙሯን እስከ ሺህኛ ሰከንድ ይመዘግባል። መታጠፊያው ላይ ማን እንደቀረ ግን አይመዘግብም። ያንን እኔ መዘገብኩ። በእኛ ትራክ 11 ሰከንድ አንድ ሙሉ ዙር ነው። ማርሻል ያልቆመ ሰው ደግሞ ከማጣሪያው ምርጡ ውጤት ይሰረዝበታል። ሄጄ ተናገርኩ፤ ትንሽ እንኳ አላፈርኩም። ተሰረዘበት።

ሁለተኛው ውጤቱ ከእኔ ምርጥ በሁለት ዙር ይበልጣል።