ካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ንገሩን!

ዛሬ ብሶት ነው የምጽፈው፤ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

እዚህ ጎንደር የአየር ካርጎ ተቀባይ ነኝ። ዕቃ እመዝናለሁ፣ እለካለሁ፣ ኤርዌይ ቢል የሚባለውን የአየር ጭነት ሰነድ እሞላለሁ፣ ከዚያ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ለጭነት አስረክባለሁ። ሥራው ከበደኝ ብዬ አይደለም የማማርረው። መንገዱ አላስኬድ ባለ ጊዜ አዲስ አበባ ላለች ልጇ ስንቅ የምትልክ እናት፣ መኪናው ቆሞበት መለዋወጫ የሚጠብቅ ሾፌር፣ ሁሉም በእኛ እጅ ነው የሚያልፈው፤ ይህ ደስ ይለኛል። የሚያንገበግበኝ "ውስጡ ምንድን ነው?" ስል ዓይኔን እያየ የሚዋሸኝ ሰው ነው።

ሁሉም ነገር "ልብስ" ነው። ሁለት ሰው ተጋግዞ ከባጃጅ ያወረደው ካርቶንም ልብስ ነው። ሽቶውም ልብስ፣ አረቄውም ልብስ፣ በሃይላንድ ተሞልቶ ክዳኑ ያልጠበቀው ቅቤም ልብስ። ቅቤው ቀልጦ የሌላ ሰው ሰነድ ላይ ሲፈስ ግን ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።

በቀደም አንድ ሰውዬ ካርቶን ይዘው መጡ። ዙሪያውን በፕላስተር ጠፍረውታል። "በርበሬና ሽሮ ነው የኔ ልጅ፣ ለእህቴ ነው" አሉ። እሺ ብዬ መዘንኩ፣ ለፍተሻ አሳለፍነው። ኤክስሬዩ ላይ ዱቄት ብርቱካናማ ሆኖ ነው የሚታየው። መሐሉ ላይ ግን ጠቆር ያሉ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል። ይከፈት ተባለ። የሽሮው ፌስታል ውስጥ ካልሲ አለ፤ ካልሲው ውስጥ ፓወር ባንኮች በላስቲክ ታስረው ተቀምጠዋል። በስህተት የገባ ነገር አይደለም፣ ሆን ተብሎ ተቀብሯል። ሰውዬው ይቅርታ ይጠይቃሉ ብዬ ስጠብቅ "አንቺ የሰው ዕቃ የምትበረብሪ ማን ነሽ? ለቻርጀር ይህን ያህል?" ብለው ጮኹ። ወረፋ የያዘው ሕዝብም አብሯቸው አጉረመረመ። "ምናለ ብታሳልፊያቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው" አለኝ አንዱ። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ የእሱ ንግግር ነው፣ የእሳቸው ጩኸት አይደለም።

ምናለ ካላችሁ ልንገራችሁ። ፓወር ባንክ ቻርጀር አይደለም፣ ባትሪ ነው። ሊትየም ባትሪ ከተመታ ወይም ከውስጥ ከተበላሸ ራሱን በራሱ እያጋለ ይነድዳል፣ አጠገቡ ያለውንም ባትሪ ያስነሳል። አውሮፕላን የጭነት ክፍል ውስጥ ያለው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ይህን ዓይነት እሳት አያስቆመውም። ለብቻው የታሸገ ሊትየም አዮን ባትሪ በተሳፋሪ አውሮፕላን በካርጎ እንዳይጫን በዓለም ደረጃ የተከለከለው ለዚህ ነው፤ በፈረንጆቹ ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ። ተሳፋሪ ከሆናችሁ በእጅ ሻንጣችሁ ያዙት፣ እስከ 100 ዋት ሰዓት አቅም ያለው ይፈቀዳል። በእጅ ሲሆን ቢጨስ እንኳ የሚያይ ሰው አለ። ጭነት ክፍል ውስጥ ማን ያየዋል? ከዚህ የሚነሳው ካርጎ ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ልጆች ይዘው ከተሳፈሩ እናቶች ጋር በአንድ አውሮፕላን ነው።

በፈረንጆቹ ግንቦት 11 ቀን 1996 የአሜሪካው ቫሉጄት አየር መንገድ 592ኛ በረራ ከማያሚ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ፍሎሪዳ ረግረግ ውስጥ ወደቀ። 110 ሰው ነበረበት፣ አንድም አልተረፈ። ጭነት ክፍሉ ውስጥ ኦክስጅን የሚያመነጩ ቆርቆሮዎች ነበሩ፤ ወረቀቱ ላይ "ባዶ" ተብለው ነው የተጫኑት። ባዶ አልነበሩም፤ እሳቱ የተነሳው ከእነሱ ነው። ወረቀት የምሞላው እኔ ነኝ። የነገራችሁኝን ነው የምጽፈው። "ልብስ" ስትሉኝ "ልብስ" ብዬ እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ።

ዕቃ እናሽጋለን ብላችሁ "ዱቄት ውስጥ ክተቱት፣ አይታይም" እያላችሁ ምስኪኑን የምትመክሩ ሰዎችም አላችሁ። ገንዘቡን የምትቀበሉት እናንተ፣ ስድቡን የምንቀበለው እኛ። እባካችሁ ተዉ።

ከገባሁበት አይቀር ስለ ኪሎም ልናገር። አንዲት እህት ለሰርግ መሶብ ልትልክ መጣች፤ በካርቶን ተሸፍኖ 60 በ60 በ70 ሴንቲ ነው። ሚዛን ላይ ቀላል ነው፣ እኔም አይቻለሁ። ግን ሂሳቡ ርዝመት በስፋት በቁመት ተባዝቶ ለ6000 ይካፈላል፤ 42 ኪሎ ይመጣል። ከሚዛኑና ከዚህ ሂሳብ የሚበልጠው ነው የሚከፈለው፣ ቦታ ስለሚይዝ። "ሌቦች!" አለችኝ። እህቴ፣ ቀመሩ በብዙ አገር የሚሠራበት ነው፣ እኔ አላወጣሁትም። በእርግጥ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ቢጻፍ ኖሮ ደንግጣ አትሰድበኝም ነበር። አለቆቼን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ፣ አሁንም እጠይቃለሁ፤ በአማርኛ፣ በትልቁ፣ ከነምሳሌው ለጥፉልን።

ዕቃው ቀርቶ በሚቀጥለው በረራ ሲሄድም "ሸጡት" ይባላል። አዘዞ ከባሕር ጠለል ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፣ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል፣ አውሮፕላኑ ይዞ የሚነሳው ክብደት ይቀንሳል። የተሳፋሪ ሻንጣ ይቀድማል፣ ካርጎ ይወርዳል። በጥምቀት ሰሞን እንግዳው ሲጎርፍማ ሳይወርድ የሚቀርበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። መጋዘን ውስጥ ታጉ እንደተለጠፈ ነው የሚያድረው። ስልካችሁን አስተካክላችሁ ካስመዘገባችሁ እንደውልላችኋለን።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ነገ ዕቃ የምትልኩ ካላችሁ ካርቶኑን ሳታሽጉ አምጡት። ያለውን ሁሉ ንገሩኝ፣ አልቆጣም፤ የማይሄደውን አውጥተን የሚሄደውን እንልካለን። ፕላስተር እኛ ጋ አለ፣ አብረን እናሽገዋለን።