ክርክር፦ ሙያ የሚለመደው ኮሌጅ ነው ወይስ ጋራዥ?

ባለጋራዡ (ኮምቦልቻ)፦ 20 ዓመት መኪና ጠግኛለሁ። አምና አንድ ልጅ በአውቶሞቲቭ ደረጃ 4 ጨርሶ፣ የብቃት ምዘናውን ሲኦሲንም አልፎ መጣ። የኤሌክትሪክ መፈተሻውን ቴስተር ስሰጠው የት እንደሚያስነካው ጠፋው። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ፍሬን እንዴት እንደሚሠራ ብትጠይቁት አንድ በአንድ ይነግራችኋል፣ ግን ፈቶ አያውቅም። ገንዘቡ ለኮሌጅ ሕንፃ ከሚወጣ ልጆቹ ከመጀመሪያው ቀን እኛ ጋ ይምጡ።

መምህርቷ (ደሴ)፦ ጋሼ፣ እሱ እኔንም ያመኛል። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ወርክሾፓችን ስንገባ የቀረልን ባዶ ጠረጴዛ ነበር። ዛሬም ለ30 ልጅ አንድ ሞተር ነው ያለኝ። «እኛ ጋ ይምጡ» ያሉት ላይ ግን ልቆይ። ከስልጠናው 70 በመቶው ተግባር ይሁን ተብሎ ኮሌጅና ድርጅት አብረው የሚሰጡት የትብብር ስልጠና የተጀመረው ለዚሁ ነው፣ ልከናልም። አምና ጋራዥ የላክኋት ልጅ ሁለት ወር ሙሉ መኪና ስታጥብና ሻይ ስታመላልስ ከረመች። ምን ለመድሽ ስላት አለቀሰች።

ባለጋራዡ፦ ልጄ፣ መኪናው የደንበኛ ነው። ጀማሪ የነካካው ፍሬን ከደሴ ወደ እኛ በሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ እምቢ ቢል ማን ይጠየቃል?

መምህርቷ፦ ልጄ አይበሉኝ፤ 11 ዓመት አስተምሬአለሁ። ደግሞ ራስዎ መለሱት። ጀማሪ የሰው መኪና ላይ አይለማመድም ካሉ፣ ተሳስቶ የሚማርበት ሞተር የት ይሁን? ኮሌጅ ነዋ!

ባለጋራዡ፦ ይቅርታ መምህርት፣ ለንቀት አላልኩትም። ግን የኔንም ስሚኝ። ሁለት ዓመት ያለማመድኩት ልጅ፣ ሞተር አውርዶ የሚገጥም ልጅ፣ በሚያዝያ በጅቡቲ አድርጎ ዓረብ አገር ሄደ። እናቱ መጥታ ደጄ ላይ ስታለቅስ ነው የሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ለአዲስ ልጅ መፍቻ ለመስጠት ልቤ እሺ አይለኝም።

መምህርቷ፦ ምን ይከፍሉት ነበር?

ባለጋራዡ፦ ምሳና ትራንስፖርት። ለማጅ ነው እኮ።

መምህርቷ፦ ሁለት ዓመት? ሞተር ለሚገጥም ልጅ? ጋሼ፣ እንግዲህ የኮሌጅና የጋራዡ ነገር ይቆየን። ልጁ ሲለምድም የወር ገንዘብ ይኑረው፣ በውል ይጻፍ። ከፈረሙ ሰኞ ሦስት ልጅ ይዤ ሐረጎን እወርዳለሁ።

ባለጋራዡ፦ ሦስት አልችልም፣ ሁለት አምጪ። አንዷ ያቺ ሻይ ስታመላልስ የከረመችው ትሁን። ግን ከለመዱ በኋላ አንድ ዓመት እንዲቆዩ ይጻፍበት።

መምህርቷ፦ መጀመሪያ የሚከፍሉትን ይጻፉልኝ፤ ስለ መቆየቱ ያኔ እናወራለን።